የካርተር ወንበር የአባት ውርስ አልነበረም

ሰሞኑን ስለ ቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ስለ ጂሚ ካርተር የፖለቲካ አጀማመር በአማርኛ የተጻፈ ረዘም ያለ ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ቆይቷል። ፍሬ ነገሩ ባጭሩ ይህ ነው። ካርተር ከፖለቲካ ቤተሰብ ወጡ፣ የአባታቸውን የምክር ቤት ወንበር ወረሱ፣ በ1962 ተሸንፈው ሳለ ዳኛ አሸናፊ አደረጋቸው፣ በአሜሪካዋ ጆርጂያ ስቴት ሴኔት በቆዩባቸው አራት ዓመታት ይህ ነው የሚባል ሥራ አልሠሩም፣ ሲወጡም ወንበሩን ለዘመድ አስረከቡ። ጸሐፊው እዚያው ውስጥ ደግሞ ካርተርን የጥቁሮች መብት ጠበቃ አድርገው ያወድሷቸዋል። መጨረሻ ላይ ወደ አገራችን ይመጡና፣ ካርተር ለምርጫ 97 አዲስ አበባ ሲገቡ ኮሮጆ ሲገለበጥ አይተው የማያውቁ የሰለጠነ አገር ሰው ነበሩ ይላሉ።

ከዚህ ውስጥ እውነትም አለ፣ ግማሽ እውነትም አለ፣ ፈጽሞ የተሳሳተም አለ። ጉዳዩ ለአማርኛ አንባቢ ሩቅ አይደለምና ተራ በተራ እንየው። ምርጫ 97 ካልነው በቀር ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

“የአባታቸውን ወንበር ወረሱ”

አባትየው ጄምስ ኧርል ካርተር የምክር ቤት አባል መሆናቸው እውነት ነው። በ1952 የሰምተር ካውንቲን (ካውንቲ በስቴት ሥር ያለ የአካባቢ አስተዳደር ነው) ወክለው ለጆርጂያ የተወካዮች ምክር ቤት ተመረጡ፤ በ1953 መጀመሪያ ሥራ ጀመሩ፤ በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ በቆሽት ካንሰር ሞቱ። የምክር ቤት ዘመናቸው አንድ ዓመት እንኳ አልሞላም። የቀረውን ጊዜ እንዲጨርሱ የተጠየቁት ባለቤታቸው ሊሊያን ነበሩ፤ እሳቸውም አልተቀበሉትም። ልጅየው በዚያን ጊዜ የ28 ዓመት የባሕር ኃይል መኮንን ሆነው ኒውዮርክ ስቴት፣ ስኬነክታዲ ውስጥ በአቶሚክ ሰርጓጅ መርከብ ፕሮግራም ላይ ይሠሩ ነበር። ሥራቸውን ለቀው ወደ ትውልድ ከተማቸው ወደ ፕሌንስ የተመለሱት የአባታቸውን እርሻና የኦቾሎኒ መጋዘን ሊይዙ ነው። የመጀመሪያው ዓመት ድርቅ ሆነና ትርፋቸው 200 ዶላር አልሞላም፤ ቤተሰቡ የሚኖረውም መንግሥት ለዝቅተኛ ገቢ ሰዎች ባሠራው ቤት ውስጥ ነበር።

ከዚያ ዘጠኝ ዓመት አለፈ። ልጅየው በ1962 የተወዳደሩት ደግሞ ለተወካዮች ምክር ቤት ሳይሆን ለሴኔት ነው። የአባትየው ወንበር የአንድ ካውንቲ ወንበር ነው። ልጅየው የተወዳደሩበት 14ኛው የሴኔት ወረዳ ግን ሰባት ካውንቲና ወደ 75,000 ሕዝብ ይይዛል። ይህ ወረዳ አባትየው በሕይወት ሳሉ በካርታ ላይ አልነበረም፤ የተሰመረው ምርጫው ሊደረግ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ነው። ያልነበረ ወንበር እንዴት ይወረሳል?

ቤተሰቡ ምንም አልሰጣቸውም ማለታችን ግን አይደለም፤ የሰጣቸው ነገር ጸሐፊው ከፈለጉበት ቦታ ሌላ ነው ያለው። የእናታቸው አባት ጂም ጃክ ጎርዲ በስቱዋርት ካውንቲ፣ ሪችላንድ በምትባል ከተማ የፖስታ ቤት ሹም ነበሩ፤ የገበሬው ንቅናቄ መሪ የነበረው የቶም ዋትሰን ደጋፊም ነበሩ። ሊሊያን ፖለቲካን የቀሰሙት ከእሳቸው ነው። አባትየው ደግሞ የሰምተር ካውንቲ የትምህርት ቦርድ አባል ነበሩ። ልጅየውም በ1950ዎቹ አጋማሽ እዚያው ቦርድ ገብተው በ1961 ሰብሳቢ ሆኑ። ውርስ የሚባል ካለ ለቃሉ የሚቀርበው ይህ መቀመጫ ነበር፤ ጸሐፊው ግን አላነሱትም። በዚያ ቦርድ ሆነው የካውንቲውንና የአሜሪከስ ከተማን ትምህርት ቤቶች ለማዋሐድ ሕዝበ ውሳኔ አስደረጉና ተሸነፉ። የገዛ ከተማቸው የፕሌንስ ሰው እንኳ ሐሳቡን ጥሎታል። የአባት ስም ሁሉን በር የሚከፍት ቢሆን ኖሮ ይህኛውንም በከፈተው ነበር።

“ወንበሩ ክፍት ሆኖ ጠበቃቸው”

ጸሐፊው በአንድ ዐረፍተ ነገር ያለፉት ይህን ነው፤ እኛ ደግሞ ሰፋ አድርገን እናየዋለን። ምክንያቱም የ1962 ጆርጂያ ምርጫ እንዴት ይሠራ እንደነበር ሳይታወቅ የካርተር አጀማመር አይገባም።

በጆርጂያ በዚያን ዘመን ዋናው ምርጫ የዴሞክራቶች የውስጥ ማጣሪያ ነበር። ሪፐብሊካን ተወዳዳሪ ከስንት አንዴ ነው የሚቀርበው፤ ማጣሪያውን ያሸነፈ ሥልጣኑን ያዘ ማለት ነው። ለገዥነትና ለመሳሰሉት የስቴት ሹመቶች ማጣሪያው ሲደረግ ደግሞ ድምፅ የሚደመረው በሰው ቁጥር አልነበረም። ስቴቱ 159 ካውንቲ አለው። ትልልቆቹ 8 ካውንቲዎች እያንዳንዳቸው 6 ነጥብ፣ ተከታዮቹ 30ዎቹ 4 ነጥብ፣ የቀሩት 121 ደግሞ እያንዳንዳቸው 2 ነጥብ ነበራቸው፤ ጠቅላላው 410 ነው። በአንድ ካውንቲ በአንድ ድምፅ እንኳ የበለጠ የካውንቲውን ነጥብ ሁሉ ይጠቀልላል።

ይህ በተግባር ምን ማለት ነው? በ1960 ቆጠራ አትላንታ የምትገኝበት ፉልተን ካውንቲ 556,326 ነዋሪ ነበረው፤ ነጥቡ 6። ኤኮልስ የሚባለው ካውንቲ 1,876 ነዋሪ ነበረው፤ ነጥቡ 2። በኤኮልስ አንድ ነጥብ 938 ሰው ሲወክል፣ በፉልተን አንድ ነጥብ 92,721 ሰው ይወክላል። እንደ ኤኮልስ ያሉ ሦስት ካውንቲዎችን በእጁ ያስገባ ሰው አትላንታን አካክሷል ማለት ነው። ስለዚህ ገዥ ለመሆን የሚፈልግ ሰው በአትላንታ ጎዳና ላይ ንግግር ከማድረግ ይልቅ የትንሽ ካውንቲ አለቃን መወዳጀት ያዋጣው ነበር። እንዲህ ዓይነቱ አለቃ መንገድ ይሠራለታል፣ ለወዳጆቹ የመንግሥት ሥራ ይሰጥለታል፤ በልዋጩ የካውንቲውን ነጥብ ያስረክባል። ኋላ የምናገኘው ጆ ኸርስት የዚህ ሥርዓት ፍሬ ነው።

ሴኔቱም የራሱ ልማድ ነበረው። 54 ወረዳ ነበር፤ አብዛኛው ሦስት ሦስት ካውንቲ ይይዛል፤ ወንበሩም በየሁለት ዓመቱ በካውንቲዎቹ መካከል በተራ ይዞራል። ዛሬ የአንዱ ካውንቲ ሰው ከሆነ በሚቀጥለው የሌላው ነው። ስለዚህ አንድ ሴናተር ሥራውን ሳይለምድ ዘመኑ ያልቃል። በተወካዮች ምክር ቤት ያለው ግን ዓመታት ይቀመጣል፤ እውነተኛው ጉልበትም እዚያ ነበር።

ይህን ያፈረሰው የካርተር ቤተሰብ አይደለም፤ ፍርድ ቤት ነው። ማርች 1962 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በቴነሲ ጉዳይ ላይ የምርጫ ወረዳ አከላለል በፍርድ ቤት ሊታይ ይችላል ብሎ ወሰነ። በተከታዩ ወር አትላንታ የተቀመጠው የፌዴራል ችሎት የነጥብ ሥርዓቱን ሻረ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1963 “አንድ ሰው፣ አንድ ድምፅ” በሚለው ፍርዱ አጸናው። ሌላ ችሎት ደግሞ ከሁለቱ ምክር ቤቶች ቢያንስ አንዱ በሕዝብ ቁጥር እንዲዋቀር አዘዘ። ሕግ አውጪዎቹ በመከር ወራት አስቸኳይ ስብሰባ ተቀምጠው ሴኔቱን እንደ አዲስ ከፋፈሉት፤ ማጣሪያውም ኦክቶበር 16 እንዲሆን ቆረጡ። ፉልተን አንድ ሴናተር የነበረው በአንድ ጊዜ ሰባት አገኘ። ካርተር መወዳደራቸውን ያስታወቁት ኦክቶበር 1፣ 38 ዓመት በሞላቸው ቀን ነው። ለቅስቀሳ የቀራቸው 15 ቀን ነበር።

ወንበሩም ባዶ አልነበረም። የሪችላንዱ ነጋዴ ሆመር ሙር በአሮጌው ወረዳ ማጣሪያውን አሸንፈው ነበር፤ አዲሱ አከላለል ያን ድል ዋጋ አሳጣባቸውና እንደገና ሊወዳደሩ ተገደዱ። ሰውየው ወንበሩ ይገባኛል ለማለት ምክንያት ነበራቸው። ይህን ሳይናገሩ ካርተርን ብቻ የተበደሉ አድርጎ ማቅረብም ልክ አይሆንም።

“ተሸንፈው ሳለ ዳኛ አሸናፊ አደረጋቸው”

እዚህ ላይ ነው ጽሑፉ የባሰ የሚሳሳተው። ዳኛው ምን አየ? ከሰባቱ ካውንቲዎች አንዱ ኩዊትማን ነው፤ በአላባማ ድንበር፣ በቻታሁቺ ወንዝ ዳር ያለ፣ በዚያን ጊዜ ወደ 2,400 ሰው የሚኖርበት ትንሽ ካውንቲ። ዋና ከተማው ጆርጅታውን ይባላል። የካውንቲው አለቃ ጆ ኸርስት ሲሆን የዴሞክራቲክ ፓርቲው የካውንቲ ሊቀ መንበር፣ የተወካዮች ምክር ቤት አባልና የስቴቱ የግብርና መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነበር፤ ሁሉንም ባንድ ላይ። ሚስቱ ደግሞ የካውንቲውን የድጎማ ጽሕፈት ቤት ትመራ ነበር። የድጎማ ቼክ የሚቀበል ድሀ ለማን ድምፅ እንደሚሰጥ ኸርስት ሲነግረው እምቢ የማለት አቅም አልነበረውም።

በማጣሪያው ቀን በጆርጅታውን ፍርድ ቤት ሕንፃ ውስጥ የሆነውን ነገር የካርተር ታዛቢ በዓይኑ አይቷል። የተጋረደ የምርጫ ቦታ የለም፤ ሰው ወረቀቱን የሚሞላው በግልጽ ባንኮኒ ላይ ነው። ኸርስት ፊት ለፊት ቆሞ የካርተርን ስም ሰርዙ ይላል። ኮሮጆው ሕጉ ያዘዘው ሣጥን ሳይሆን ክዳኑ ላይ ቀዳዳ የተበሳለት የካርቶን ሣጥን ነው፤ ቀዳዳው እጅ ያስገባል። ኸርስትም እጁን እየሰደደ ወረቀት ያወጣ ነበር።

ቀኑን ሙሉ ድምፅ የሰጠው ሰው 333 ነው። ሣጥኑ ሲቆጠር የተገኘው ወረቀት 420። የድምፅ ሰጪዎቹ ዝርዝር ሲታይ ደግሞ 117 ሰዎች በፊደል ተራ ተሰልፈው የመረጡ ይመስላል፤ ስማቸው አንዱ ካንዱ ሳይዛነፍ በኤ፣ ቢ፣ ሲ ቅደም ተከተል ተጽፏል። የአትላንታ ጆርናል ጋዜጠኛ ጆን ፔኒንግተን ዝርዝሩን ይዞ ቤት ለቤት ሲጠይቅ ከመራጮቹ መካከል የሞቱ፣ ካውንቲውን ከለቀቁ የቆዩ፣ በፌዴራል እስር ቤት ያሉ ሰዎች አገኘ። የጆርጅታውን ሣጥን ከሌላው የካውንቲው ድምፅ ጋር ተደምሮ ኩዊትማን ለሙር 360፣ ለካርተር 136 ድምፅ ሰጠ ተባለና ከሌሎቹ ካውንቲዎች እየመሩ የመጡት ካርተር ተሸነፉ።

እንዲህ ሲሆን አቤት የሚባለው የት ነው? መጀመሪያ የካውንቲው የፓርቲ ኮሚቴ ነው። የኮሚቴው ሊቀ መንበር ራሱ ኸርስት ስለሆነ እዚያ የሚገኝ ነገር የለም። የቀረው መንገድ በሕግ ድጋሚ ቆጠራ መጠየቅ ነበር። ካርተር የአትላንታውን ጠበቃ ቻርልስ ከርቦን ያዙ፤ ከርቦ ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ዋይት ሐውስ የቅርብ አማካሪያቸው ሆኗል። ዳኛ ካርል ክሮው የሚመሩት ኮሚሽን ጆርጅታውን ተቀምጦ ሣጥኑን አስከፈተ። ሣጥኑ ማኅተም አልነበረውም። አብሮ መቀመጥ የነበረበት የድምፅ ሰጪዎች ዝርዝርና የወረቀቶቹ ጉርድ ጠፍቷል። ከመቶ በላይ ወረቀትም አንድ ላይ ተጠቅልሎ ተገኘ፤ አንድ ሰው አንድ ወረቀት እያጠፈ በቀዳዳ ቢያስገባ ወረቀቶች እንዲህ አይጠቀለሉም።

ልብ በሉ፤ ዳኛው ስንቱ ወረቀት የእውነት ስንቱ የሐሰት እንደሆነ ለመለየት አልሞከሩም። ዝርዝርና ጉርድ ከሌለ መለየት አይቻልም። ስለዚህ የጆርጅታውንን ሣጥን እንዳለ ጣሉት። ሲጣል የሌላው ድምር ካርተር 2,811፣ ሙር 2,746 ሆነ፤ በ65 ድምፅ ካርተር በለጡ። ይህ ውሳኔ ዋጋ አስከፍሏል፤ ኸርስት ሳያስፈራራቸው ድምፅ የሰጡ የጆርጅታውን ሰዎች ድምፅም አብሮ ወድቋል። ጸሐፊው ሊነቅፉ ከፈለጉ እዚህ ላይ ቢነቅፉ ይሻል ነበር።

ነገሩ ግን እዚህ አላለቀም፤ ጽሑፉ ፈጽሞ ያልጠቀሰውም ይህንን ነው። ሙር ይግባኝ አሉ። ዋናው ምርጫ ኖቬምበር 6 ነው። በዋዜማው ሌሊት ዳኛ ቶም ማርሻል የሁለቱም ስም ከወረቀቱ ላይ ይሰረዝ፣ መራጩ የሚፈልገውን ሰው ስም በእጁ ይጻፍ ብለው ወሰኑ። በሰባት ካውንቲ የታተመ ወረቀት ላይ በአንድ ሌሊት ስም ሲሰረዝ አደረ። መራጩም በማግስቱ ስም በእጁ ጽፎ ካርተርን በ3,013 ለ2,182 መረጠ። የ831 ድምፅ ልዩነት ነው። ማጣሪያውን ያረመው ዳኛ ነው፤ ወንበሩን የሰጠው ግን ሕዝብ ነው።

ያም ሆኖ ሙር ጉዳዩን ወደ ሴኔቱ ስለወሰዱት፣ ካርተር ቃለ መሐላ እስኪፈጽሙ ድረስ መቀመጣቸው እርግጥ አልነበረም። ሴኔቱን የሚመሩት ምክትል ገዥው ፒተር ዛክ ጊር ጃንዋሪ 14 ቀን 1963 ተቀበሏቸው። ኸርስት ከጊዜ በኋላ በሌላ ምርጫ ማጭበርበር ተከስሶ ተፈርዶበታል።

“አራት ዓመት ምንም ሳይሠሩ ተቀመጡ”

የስቴት ሕግ አውጪን ሥራ በስሙ በተጻፉ አዋጆች ብዛት መለካት አያስኬድም። የጆርጂያ ምክር ቤት የሚሰበሰበው በዓመቱ መጀመሪያ ለጥቂት ሳምንታት ነው። ከሚቀርበው ረቂቅ ውስጥ ብዙው የአንድ ካውንቲ ወይም የአንድ ከተማ ጉዳይ ነው፤ የአካባቢው ተወካይ ከተስማማ ሌላው ሳያነበው እጁን ያወጣል። በዚህ መሐል ጥቅም የሚፈልግ ሰው የሚፈልጋትን አንዲት ሐረግ ሸጉጦ ማለፍ ይችላል። ካርተር ድምፅ የምሰጥበትን ረቂቅ ሁሉ አነባለሁ ብለው ቃል ገብተው ነበር፤ ለዚያም ሲሉ የፈጣን ንባብ ትምህርት ተማሩ። ይህን ማለት ቀላል ይመስላል፤ በዓመት በመቶዎች የሚቆጠር ረቂቅ ማንበብ ግን ማለዳ ከሁሉ ቀድሞ መግባትን የሚጠይቅ ሥራ ነው።

የትምህርት ኮሚቴ አባልነትን ጠይቀው ያዙ፤ ከትምህርት ቦርድ ለመጣ ሰው ተገቢው ቦታ ነው። በአሜሪከስ የነበረው ጆርጂያ ሳውዝዌስተርን የሁለት ዓመት ኮሌጅ ነበር፤ በ1964 ወደ አራት ዓመት ኮሌጅ አደገ። ይህን የሚወስነው ሴኔቱ ሳይሆን የስቴቱ የዩኒቨርሲቲዎች ቦርድ ነው። ሴናተሩ ማድረግ የሚችለው ገዥውን ማሳመንና በጀቱን መከታተል ነው፤ ካርተርም ያደረጉት ይህንኑ ነው። በአካባቢያቸው የልማት ዕቅድ ኮሚሽንም ሲመሩ ቆይተዋል። ከዚያ በላይ ትልቅ የሕግ ሥራ ሠርተዋል ብለን አንሟገትም።

“በሴኔቱ የጥቁሮች መብት ጠበቃ ነበሩ”

ጸሐፊው ከልክ በላይ ያመሰገኑት እዚህ ላይ ነው፤ ስሕተት ሙገሳ ሲሆንም ስሕተት ነው። እውነት የሆነውን እናስቀድም። በ1958 የወጣ የጆርጂያ ሕግ ማንበብ የማይችል ሰው መራጭ ሆኖ ለመመዝገብ ከሠላሳ ጥያቄ ሃያውን እንዲመልስ ያዝ ነበር። ጥያቄዎቹ የሕግ ምሩቅ የሚያስጨንቁ ናቸው፤ የተመለሰው ልክ መሆን አለመሆኑን የሚፈርደውም መዝጋቢው ነው፤ ዒላማው ጥቁር መራጭ እንደነበር ማንም ያውቃል። ካርተር በሴኔቱ ካደረጉት የመጀመሪያ ንግግሮች አንዱ ይህን ፈተና የሚቃወም ነበር። ከዚያ በፊትም የነጮች የበላይነት ማኅበር በከተማቸው አባል ሁኑ ሲላቸው እምቢ ብለው በንግዳቸው ላይ አድማ ተመቶባቸዋል። በ1965 የፕሌንስ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ጥቁሮችን ላለማስገባት ድምፅ ሲሰጥ 54 ለ6 ነበር፤ ከስድስቱ አብዛኞቹ የካርተር ቤተሰብ ናቸው።

አሁን ደግሞ ሌላው ወገን። በ1963 ክረምት በአሜሪከስ፣ በገዛ የምርጫ ወረዳቸው፣ አራት ወጣት የመብት ታጋዮች በአመፅ ተከሰሱ፤ ክሱ በዚያን ጊዜ ሕግ ሞት ያስፈርድ ነበር። በዚያው ዓመት ብዙ ሕፃናት ሰልፈኞች ታስረዋል። ልጆቹ የተያዙት የወረዳው ሴናተር ከሚኖሩበት ከተማ በመኪና ብዙ በማይርቅ ቦታ ነው። ሴናተሩ በአደባባይ ድምፃቸውን አላሰሙም። ለገዥነት ባሸነፉበት በ1970 ዘመቻም የዘር መለያየት ሥርዓት ደጋፊዎችን ድምፅ ለመሳብ ሠርተዋል። ጃንዋሪ 1971 በገዥነት ቃለ መሐላቸው ቀን የዘር መድልዎ ዘመን አክትሟል ሲሉ የሰማው ሰው የደነገጠው ለዚህ ነው። በዚያው በጃንዋሪ 1963 ከካርተር ጋር ሴኔት የገባ ሰው አለ፤ ሊሮይ ጆንሰን ይባላል፣ የአትላንታ ጠበቃ፣ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ በኋላ የጆርጂያ ሕግ አውጪ የሆነ የመጀመሪያው ጥቁር። በዚያ ሴኔት ስለ መብት ሲወራ ስሙ መነሣት የነበረበት የእሱ ነው፤ በጽሑፉ ውስጥ ግን አንድም ቦታ አልተገኘም።

“ወንበሩን ለዘመድ አስረከቡ”

በ1966 ካርተር ለሴኔቱ ሦስተኛ ጊዜ አልተወዳደሩም፤ ለገዥነት ቀረቡና በማጣሪያው ከኤሊስ አርናልና ከሌስተር ማዶክስ በታች ሦስተኛ ወጡ። የሴኔት ወንበራቸውን የያዙት የአጎታቸው ልጅ ሂዩ ካርተር ናቸው። ይህ እውነት ነው፤ ስሙ ጠቅሟቸዋል ማለትም ስሕተት አይሆንም። ያም ሆኖ ሂዩም ተመርጠው ነው የገቡት፤ ካርተርም በዚያን ሰዓት ገዥ ወይም ፕሬዚዳንት አልነበሩም፣ በዕዳ ተዘፍቀው የተሸነፉ ተወዳዳሪ ነበሩ።

የልጅ ልጃቸውን ጄሰን ካርተርን በዚሁ ሰንሰለት ውስጥ መክተት ግን አይቻልም። ጄሰን በ2010 በማሟያ ምርጫ የያዘው 42ኛው ወረዳ ብዙ ኢትዮጵያዊ ከሚኖርበት ከዲካልብ ካውንቲ የተከለለ ነው፤ ከፕሌንስ የሁለት ሰዓት ተኩል ያህል መንገድ ይርቃል። ወንበሩ የተለቀቀው የቀድሞው ሴናተር በሲንጋፖር አምባሳደር ሆነው ስለተሾሙ ነበር። በ2014 ለገዥነት ሲወዳደር በኔትን ዲል ተሸነፈ። የካርተር ትልቁ ልጅ ጃክም በ2006 በኔቫዳ ለአሜሪካ ሴኔት ተወዳድሮ ተሸንፏል። ስሙ ተወዳዳሪ ለመሆን ይረዳል፤ ከዚያ አልፎ ለማሸነፍ እንዳልበቃ ሁለቱም ምርጫዎች ያሳያሉ።

“ኮሮጆ ሲገለበጥ አይተው የማያውቁ ሰው”

ሜይ 15 ቀን 2005 ካርተር የካርተር ማዕከልን የታዛቢ ቡድን መርተው አገራችን ነበሩ። ቆጠራው ሳያልቅ በሰጡት በጎ ምስክርነት ብዙ ኢትዮጵያዊ እስከ ዛሬ ይቀየማል፤ ቅያሜውም ተገቢ ነው። ጸሐፊው ግን ለቅያሜው የሰጡት ምክንያት ከእውነቱ ጋር ይጋጫል። በዓለም ላይ ከነበሩ ዝነኛ ታዛቢዎች መካከል ኮሮጆ በራሱ ላይ የተገለበጠበት ሰው ቢኖር ካርተር ናቸው። ነገሩን ረስተውት አልነበረም፤ በ1992 ስለዚያ ምርጫ ብቻ አንድ መጽሐፍ ጽፈዋል።

ስለዚህ ጥያቄው ከዚህ የከበደ ነው፤ ይህን ሁሉ በራሱ ላይ ያየ ሰው ቆጠራው ሳያልቅ ለምን መሰከረ? በጆርጅታውን ጉዳዩን የፈታው በምርጫው ቀን የታየው ነገር ብቻ አልነበረም። ታዛቢው እጅ ሣጥን ውስጥ ሲገባ አይቶ ነበር፤ የእሱ ቃል ብቻውን ግን ውጤቱን አልቀየረም። የቀየረው ስሞቹ በፊደል ተራ የተደረደሩበት ዝርዝር፣ የጠፋው ጉርድና የተጠቀለለው ወረቀት ነው። ሣጥኑ የተከፈተውም ድምፅ ከተሰጠ ከሁለት ሳምንት በላይ ካለፈ በኋላ ነበር።